እደግ ተመንደግ

ቆሼ ላይ ጨው ግዛ ተብሎ የተላከ ልጅ፣ ጨውና መልሱን ለላከችው ሴት ሲያስረክብ ምርቃት ይቀበላል። «እደግ! ተመንደግ!» ትለዋለች። ብዙውን ጊዜ ምርቃቱ ሳያልቅ ልጁ ወደ ጨዋታው ሮጧል። ሴትዮዋም ቃሉን ያወጣችው ከልማድ ነው። እኛ ግን ቃሉን እንያዘውና እንጠይቅበት፦ ይህ ምርቃት እንዲደርስ በዚያ ልጅ ሰውነት ውስጥ ማን ምን መሥራት አለበት?

ቆሼ በቡታጅራና በባቱ (በቀድሞ ስሟ ዝዋይ) መካከል የምትገኝ የማረቆ ከተማ ናት። አዲስ አበባ ላይ በርበሬ ልታስፈጭ የምትገዛ ሴት «የማረቆ ነው?» ብላ የምትጠይቀው ከዚህ አካባቢ የሚወጣውን ነው። የጤና ተመራማሪዎች ደግሞ አካባቢውን በሌላ ነገር ያውቁታል። መስቃንና ማረቆ አንድ ወረዳ በነበሩበት ጊዜ፣ በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራምን መሠረቱ። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አሥር ቀበሌዎች ተመርጠው፣ መረጃ ሰብሳቢዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን መጣ፣ ማን ለቀቀ እያሉ ለዓመታት መዘገቡ። በአገራችን የገጠር ሕፃናት ሕይወትና ሞት ከግምት ወጥቶ በቁጥር መነገር ከጀመረባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ነው።

የልጅ ዕድገትም እንደዚሁ ከምርቃት ወደ ቁጥር ሲሸጋገር ያልጠበቅነውን ነገር ያሳየናል።

ሽምብራ የምታህለው ዕጢ

ከአፍንጫችን በስተኋላ፣ ከአንጎል በታች፣ በአጥንት መካከል አንዲት ትንሽ ጎድጓዳ ቦታ አለች። ሐኪሞች ቅርጿን አይተው «የቱርክ ኮርቻ» ይሏታል። በዚች ኮርቻ ላይ የተቀመጠችው ፒቱታሪ የምትባል ዕጢ ናት። መጠኗ ከሽምብራ ፍሬ ብዙም አይበልጥም፤ ክብደቷ ግማሽ ግራም ገደማ ነው። የዕድገት ሆርሞን የሚመረተው እዚህ ነው።

ይህን ለማወቅ አይጦች አስፈልገዋል። በ1921 ኸርበርት ኢቫንስና ጆሴፍ ሎንግ የተባሉ አሜሪካውያን ከከብት ፒቱታሪ የተጨመቀ ፈሳሽ ለአይጦች በየዕለቱ ሲወጉ፣ አይጦቹ ከእኩዮቻቸው በልጠው ገዘፉ። በጭማቂው ውስጥ ያለው ነገር ምን እንደሆነ ተለይቶ እስኪታወቅ ብዙ ዓመታት ፈጅቷል። ዛሬ የምናውቀው የሰው የዕድገት ሆርሞን 191 አሚኖ አሲዶች በሰንሰለት ተያይዘው የሚሠሩት ፕሮቲን ነው።

ዕጢዋ ግን በራሷ ፈቃድ አትሠራም። ከበላይዋ ሃይፖታላመስ የሚባል የአንጎል ክፍል አለ፤ ከእሱም ሁለት ትእዛዞች ይወርዳሉ። አንዱ «ልቀቂ» ይላል፤ ሌላው «ያዢ»። የሮዤ ጊልማን የምርምር ቡድን «ልቀቂ» የሚለውን ሲፈልግ በ1973 ያገኘው ተቃራኒውን፣ «ያዢ» የሚለውን ሶማቶስታቲንን ነበር። «ልቀቂ» የሚለው እስኪገኝ ሌላ ዘጠኝ ዓመት ወሰደ፤ የተገኘውም አንጎል ውስጥ ሳይሆን በሕሙማን ቆሽት ላይ በበቀለ እብጠት ውስጥ ነው። በ1999 ደግሞ የጃፓን ተመራማሪዎች ሦስተኛ ድምፅ ሰሙ። ጨጓራ ባዶ ሲሆን ግሬሊን የሚባል ሆርሞን ይልካል፤ እሱም ፒቱታሪን «ልቀቂ» ይላታል። ባዶ ሆድ የዕድገት ሆርሞንን የሚቀሰቅስበት ምክንያት ለጊዜው እንግዳ ይመስላል። ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

ሆርሞኑ ቀኑን ሙሉ እንደ ቧንቧ ውኃ አይወርድም። እየቆየ ይፈልቃል፤ በመካከሉ ደም ውስጥ ሊገኝ እስከማይችል ድረስ ይጠፋል። ከፍተኛው ፍልቀት የሚመጣው ሌሊት፣ ልጁ ከተኛ በኋላ በመጀመሪያው ከባድ እንቅልፍ ነው። ይህ በ1968 በደም ምርመራ ተረጋገጠ። እናቶቻችን ግን «ተዉት ይተኛ፤ ልጅ በእንቅልፉ ነው የሚያድገው» ሲሉ ኖረዋል።

ጥሪውና የጎተራው ቁልፍ

የዕድገት ሆርሞን ደም ውስጥ ብዙ አይቆይም። በሃያ ደቂቃ ገደማ ውስጥ ግማሹ ይጠፋል። እንዲህ ቶሎ የሚያልፍ ነገር እንዴት ዓመታት የሚፈጅ ሥራ ይሠራል? መልሱ ጉበት ውስጥ ነው።

ነገሩን በደቦ እንየው። ሰው ደቦ ሲጠራ ጥሪው በአንድ ማታ ተነግሮ ያልቃል። ሥራውን የሚሠራው ግን ጥሪው ሳይሆን፣ ጠዋት የሚመጣው ጎረቤት ነው፤ ጎረቤቱ የሚመጣውም የሚበላና የሚጠጣ ሲዘጋጅለት ነው። በሰውነታችን ውስጥ ጥሪው የሚወጣው ከፒቱታሪ ነው። የጎተራው ቁልፍ ያለው ግን ጉበት ዘንድ ነው።

በጉበት ሕዋሳት ላይ ይህን ሆርሞን ብቻ የሚይዙ ተቀባዮች አሉ። ሆርሞኑ ሲያርፍባቸው ጉበት ሌላ መልእክተኛ ያመርታል፤ ስሙ አይ ጂ ኤፍ-1 ይባላል። እሱ እንደ ላኪው ችኩል አይደለም። ደም ውስጥ ከሚሸከሙት ፕሮቲኖች ጋር ተጣብቆ ለብዙ ሰዓታት ይቆያል። አጥንት ጫፍ፣ ጡንቻ፣ ቆዳ ድረስ ዘልቆ «ተባዙ» የሚለው በዋናነት እሱ ነው። እንዲህ ዓይነት አማካይ መኖሩን በ1957 መጀመሪያ የጠቆሙት ሳልመንና ዶዳዴይ የተባሉ አሜሪካውያን ናቸው። የዕድገት ሆርሞንን በቀጥታ ልም አጥንት ላይ ቢያፈሱት እምብዛም ለውጥ አላመጣም፤ ሆርሞኑ ከተሰጠው በሕይወት ያለ እንስሳ የተወሰደ ደም ግን ልም አጥንቱን አነቃው።

ጥሪ ያለ መልስ ምን እንደሚመስል ያሳየው እስራኤላዊው ሐኪም ዝቪ ላሮን ነው። በ1966 እሱና ባልደረቦቹ በጣም አጫጭር የሆኑ ወንድምና እኅቶችን መርምረው ጻፉ። የልጆቹ የዕድገት ሆርሞን ያነሰ መስሏቸው ነበር፤ ሲለካ ግን ከሌላው ሰው በልጦ ተገኘ። ጉድለቱ ተቀባዩ ላይ ነበር። ፒቱታሪ ትጮኻለች፤ ጉበት ጆሮ የለውም። ይህ በዘር የሚተላለፍ፣ በዓለም ላይ ጥቂት ሰዎች ብቻ ያሉበት ችግር ነው። ነገር ግን ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ሁኔታ፣ ዘር ሳይነካው፣ በብዙ ሚሊዮን ሕፃናት ላይ ይደርሳል። ከዚያ በፊት አጥንትን እንይ።

እንደ ሞሶብ እንጀራ

ረጃጅሞቹ የእጅና የእግር አጥንቶች የሚረዝሙት ከመካከላቸው ሳይሆን ከጫፋቸው አጠገብ ነው። እዚያ ስስ የልም አጥንት ንጣፍ አለ። በአጉሊ መነጽር ሲታይ ሕዋሳቱ ጠፍጠፍ ብለው፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተነባብረው፣ ሞሶብ ውስጥ እንደተደረደረ እንጀራ ይታያሉ። የዕድገት ሆርሞን የተኙትን ሕዋሳት ይቀሰቅሳል፤ አይ ጂ ኤፍ-1 ያባዛቸዋል። የተባዙት ያብጣሉ፤ ካበጡ በኋላ ይሞታሉ፤ በቦታቸው ጠንካራው አጥንት ይተካል። ንጣፉ ያው ነው፤ አጥንቱ ግን ረዝሟል።

ይህ ሥራ በሁሉም ዕድሜ በእኩል ፍጥነት አይሄድም። ሕፃን ሲወለድ 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ወደ 25 ሴንቲ ሜትር ይጨምራል፤ በሁለተኛው 12 ያህል። ከዚያ ወዲህ እስከ ጉርምስና በዓመት ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ነው። በጉርምስና እንደገና ይመነደጋል፤ ከዚያም ንጣፉ አጥንት ሆኖ ይዘጋል። የሚዘጋውም የሴት ሆርሞን በምንለው በኤስትሮጅን ነው፤ በወንድም ጭምር። በ1994 ኤስትሮጅንን መቀበል የማይችል አንድ ወጣት ተመዝግቧል፤ በ28 ዓመቱ 204 ሴንቲ ሜትር ደርሶ ገና እየረዘመ ነበር።

ከእነዚህ ቁጥሮች አንድ ነገር እንያዝ። ሰው ከተወለደ በኋላ እንደ መጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በፍጥነት የሚያድግበት ሌላ ዘመን የለውም። ስለዚህ በእነዚያ ዓመታት የቀረ ሴንቲ ሜትር ለመካካስ አስቸጋሪ ነው።

ጥሪው በዝቶ ሥራው ሲጠፋ

ክዋሺዮርኮር የሚባለውን በሽታ ለዓለም ሐኪሞች ያስተዋወቀችው ሲሲሊ ዊሊያምስ ናት፤ በ1930ዎቹ፣ በዛሬዋ ጋና። ቃሉ የዚያው አገር የጋ ሕዝብ ነው፤ ታናሽ ሲወለድ ታላቁን የሚይዘውን በሽታ ያመለክታል። እግሩ ያበጠ፣ ጸጉሩ የሳሳ፣ ፊቱ የጨፈገገ ሕፃን ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ዕድገቱ ቆሟል። እንግዲህ የዕድገት ሆርሞኑ አልቆ ይሆን?

በ1960ዎቹ በኬፕ ታውን ሐኪሞች ለኩት። የሕፃናቱ የዕድገት ሆርሞን ዝቅ ብሎ ሳይሆን እጅግ ከፍ ብሎ ተገኘ። ፕሮቲን ያለው ምግብ ሲያገኙ ደግሞ ወረደ። በኋላ አይ ጂ ኤፍ-1 መለካት ሲቻል ሥዕሉ ሞላ፦ ሆርሞኑ ከፍተኛ፣ አይ ጂ ኤፍ-1 ዝቅተኛ። ጎተራው ባዶ ነውና ጉበት ደቦውን አልተቀበለም። ፒቱታሪም መልስ ስላላገኘች ጥሪዋን ደጋገመች።

ጉበት እንዲህ የሚያደርገው ተበላሽቶ አይደለም። የዕድገት ሆርሞን ሌላ ሥራም አለው። ምግብ ሲጠፋ ስብን አስፈትቶ ለነዳጅነት ያቀርባል፤ የደም ስኳር እንዳይወርድ ይከላከላል፤ የጡንቻን ፕሮቲን ይቆጥባል። ባዶ ጨጓራ በግሬሊን አማካይነት ሆርሞኑን የሚቀሰቅሰው ለዚህ ነው። ጤነኛ አዋቂ ሲጾምም የዕድገት ሆርሞኑ ይጨምራል። የተራበ ልጅ ሰውነት ስለዚህ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ያደርጋል፦ ሆርሞኑን ለመኖር ይጠቀምበታል፤ የመርዘሚያውን በር ይዘጋል። ዛሬን ለማደር ሲል ከነገ ይበደራል። ብድሩ የሚመለስበት ጊዜ ግን አጭር ነው።

በር የሚዘጋው ረሃብ ብቻ አይደለም። ሕመምም ይዘጋል። ተደጋጋሚ ተቅማጥና ትኩሳት ያለበት ሕፃን የሚበላው እንዳለ ሆኖ፣ ሰውነቱ በመቆጣት የሚያመነጫቸው ኬሚካሎች ጉበት ሆርሞኑን እንዳይሰማ ያደርጉታል። በ2014 ከዚምባብዌ የወጣ ጥናት በኋላ የቀነጨሩ ሕፃናት ገና በስድስት ሳምንታቸው የመቆጣት ምልክታቸው ከፍ፣ አይ ጂ ኤፍ-1 ደግሞ ዝቅ ብሎ እንደነበር አሳይቷል። በዓይን ሲታዩ ግን የታመሙ አይመስሉም ነበር።

«ከአባቱ ወርሶ ነው»

ከሁለት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ቁመት ተኝቶ ነው የሚለካው፤ ሁለት ሰውም ይጠይቃል። አንዷ ጭንቅላቱን ከሰሌዳው ራስጌ ጋር አስጠግታ ትይዛለች። ሌላዋ ጉልበቱን ቀስ ብላ ተጭና ተንሸራታቹን እንጨት እስከ ተረከዙ ታመጣለች። ልጁ ያለቅሳል፤ ጉልበቱን ያጥፋል፤ አንድ ሴንቲ ሜትር በዚያ ትግል ውስጥ በቀላሉ ይጠፋል። ክንድን የምትለካው ባለ ሦስት ቀለም ጥብጣብ ቀላል ናት፤ ቀይ ላይ ከዋለ ልጁ ከስቷል ማለት ነው። ጥብጣቧ ግን መክሳትን እንጂ መቀንጨርን አትናገርም። የቀነጨረ ልጅ ጉንጩ ሞልቶ፣ ክንዱ አረንጓዴ ላይ ውሎ፣ ለዕድሜው ግን አጭር ሊሆን ይችላል። ማንም አይደነግጥለትም። «ምን ሆነ? ከአባቱ ወርሶ ነው» ይባላል።

ዘር ድርሻ አለው። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 ያወጣው የዕድገት መለኪያ የተሠራው ብራዚል፣ ጋና፣ ሕንድ፣ ኖርዌይ፣ ኦማንና አሜሪካ ውስጥ በደህና ሁኔታ ካደጉ ሕፃናት ነው። ጡት በወጉ የጠቡ፣ በቂ የተመገቡ፣ ጤናቸው የተጠበቀ ሕፃናት እስከ አምስት ዓመታቸው በየትም አገር ቁመታቸው ተቀራራቢ ሆነ። በዚያ መለኪያ ሁለት ዓመት የሞላት ሴት ልጅ 86 ሴንቲ ሜትር ገደማ ትሆናለች፤ ከ80 በታች ከሆነች ቀንጭራለች። በአገራችን ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት በ2000 የቀነጨሩት 58 በመቶ ነበሩ። በ2005 ወደ 51፣ በ2011 ወደ 44፣ በ2016 ወደ 38፣ በ2019 ወደ 37 በመቶ ወረደ። ዘር በሃያ ዓመት እንዲህ አይለወጥም። መንግሥት በ2015 ባወጣው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ባሉት ላይ መቀንጨርን በ2030 ለማስቀረት ያቀደውም ይህ ሊለወጥ የሚችል ነገር ስለሆነ ነው።

አባቱስ? አባቱም ሁለት ዓመት ሳይሞላው ፒቱታሪው ጠርታ ጉበቱ ያልመለሰለት ልጅ ሊሆን ይችላል። እንዲያ ከሆነ ልጁ የወረሰው የአባቱን ደም ብቻ ሳይሆን የአባቱን ጎተራም ነው።

የዶዶታ ዚንክ

ከቆሼ በስምጥ ሸለቆው ማዶ አርሲ አለ። መላኩ ኡመታና ባልደረቦቻቸው በዶዶታ ሲሬ ወረዳ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት የሆናቸውን ሕፃናት ይዘው ያደረጉት ጥናት በ2000 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጣ። መቶ የቀነጨሩና መቶ ያልቀነጨሩ ሕፃናት ነበሩ። ለግማሾቹ 10 ሚሊ ግራም ዚንክ፣ ለግማሾቹ ዚንክ የሌለው ማስመሰያ፣ በሳምንት ስድስት ቀን ለስድስት ወር ተሰጣቸው። ከቀነጨሩት መካከል ማስመሰያውን የወሰዱት 2.8 ሴንቲ ሜትር ጨመሩ። ዚንክ የወሰዱት 7 ሴንቲ ሜትር። ምግብ የመብላት ፍላጎታቸው ጨመረ፤ ተቅማጥና ሳልም ቀነሰላቸው።

ዚንክ ምን አደረገ? ከቬትናም በ1996 የወጣ ተመሳሳይ ጥናት ፍንጭ ይሰጣል፤ ዚንክ ያገኙት ልጆች ቁመታቸው ብቻ ሳይሆን በደማቸው ያለው አይ ጂ ኤፍ-1 ጨምሮ ነበር። ቁልፉ ወደ ጎተራው ገባ ማለት ነው።

ዚንክ በብዛት የሚገኘው ሥጋ ውስጥ ነው። እህልም አለው፤ ነገር ግን ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር ጨምድዶ ይይዘዋል። እዚህ ላይ የአገራችን ወጥ ቤት የራሱ ዕውቀት አለው። ሊጥ ሲቦካ፣ እህል ሲበቅል ፋይቴት ይፈርሳል። ያልቦካ የበቆሎ ቂጣና ገንፎ ግን ዚንኩን እንደያዘ ያልፋል። ቆጮም ቢቦካ ሆድ ይሞላል እንጂ ፕሮቲኑ እጅግ ጥቂት ነው፤ አጠገቡ አይብ፣ ጎመን ወይም ባቄላ ያስፈልገዋል። በጾም ወቅት ደግሞ ሕፃኑ ከጾም ነፃ ቢሆንም፣ ድስቱ እንዳይነካ ሲባል ወተትና እንቁላል ሳይሠራለት የሚቀርበት ቤት ብዙ ነው።

ይህን ሁሉ አስቀድሞ ያሰበበት የአገር ውስጥ ሙከራ ነበር። በ1960ዎቹ ከስዊድን ጋር በተቋቋመው የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል ባለሙያዎች እህልና ጥራጥሬን ከወተት ዱቄት ጋር አዋሕደው የሕፃናት ምግብ ሠሩ። ስሙን ፋፋ አሉት። ለልጅ ምግብ ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝም፤ ቃሉ ራሱ ምርቃት ነውና።

መርፌው የማን ነው?

የዕድገት ሆርሞን መርፌ በእርግጥ አለ። በ1958 ሞሪስ ራበን የተባለ የቦስተን ሐኪም ከሞቱ ሰዎች ፒቱታሪ የወጣ ሆርሞን ለአንድ የ17 ዓመት ወጣት ሰጥቶ እንዳደገ ዘገበ። ከዚያ በኋላ ለሃያ ሰባት ዓመት ያህል ብቸኛው ምንጭ አስከሬን ነበር። በ1985 ግን ቀድሞ የታከሙ ወጣቶች አንጎልን በሚያጠፋው ክሮይትስፌልት ያኮብ በሽታ መሞታቸው ታወቀ፤ በሽታው የመጣው ከአስከሬኑ ነበር። ያ ሆርሞን ቆመ። በዚያው ዓመት በባክቴሪያ አማካይነት የሚመረተው ተፈቀደ፤ ዛሬ የምንጠቀመው የዚያ ወገን ነው።

መርፌው የሚጠቅመው ፒቱታሪው ለማትጠራለት ልጅ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ከብዙ ሺህ አንድ ነው፤ ምልክቱም ደህና እየበላ፣ ሳይታመም፣ በዓመት ከ4 ሴንቲ ሜትር በታች እያደገ ከእኩዮቹ መራቁ ነው። እንዲህ ያለውን ወላጅ «ያድጋል» እያለ እንዳይጠብቅ፤ ንጣፉ ሳይዘጋ ወደ ሐኪም ይውሰደው። በምግብ እጥረት ለቀነጨረው ግን መርፌው በሚጮህ ላይ ጩኸት መጨመር ነው። ንጣፉ ለተዘጋበት ጎልማሳም ቁመት አይጨምርም፤ ሲበዛ እጅንና መንጋጋን ያገዝፋል፤ ለስኳር በሽታ ያጋልጣል።

ስለዚህ ወደ ቆሼ ገበያ እንመለስ። ከገጠሩ የመጣች ሴት በቅርጫት ጭድ ላይ እንቁላል ደርድራ ተቀምጣለች። ለጨው፣ ለቡና፣ ለደብተር የሚሆነው ገንዘብ ከዚያ ይወጣል፤ ቤት የቀረው የሁለት ዓመት ልጇ ዛሬ ገንፎ በልቷል። በ2017 ከኢኳዶር የወጣ ጥናት ለሕፃናት በቀን አንድ እንቁላል ለስድስት ወር መስጠት መቀንጨርን በግማሽ ገደማ እንደቀነሰ ዘግቧል። ማላዊ ላይ ሲደገም፣ ልጆቹ ቀድሞም ዓሣ ያገኙ በነበረበት አካባቢ፣ ያን ያህል ለውጥ አልታየም። እንቁላል ተአምር አይሠራም፤ የጎደለ ሲኖር ይሞላል እንጂ።

ሴትዮዋ እንቁላሏን የምትሸጠው ልጇን ስለማትወድ አይደለም። ማታ ስትመለስ ውኃ ያመጣላትን ታላቁን «እደግ ተመንደግ» ትለዋለች፤ ታናሹ ተኝቷል። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ፒቱታሪው ጥሪዋን ትለቃለች፤ እንደ ኖርዌዩ ሕፃን፣ እንደ አዲስ አበባው ሕፃን፣ ሳታጎድል። ምርቃቱ ከሰውነት ወገን ደርሷል። የቀረው ከቅርጫቱ ሳይሸጥ የሚመለሰው አንድ እንቁላል ነው።